ሁከት ይወገድልኝ!

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ መነጽራችሁን ፍለጋ ቤቱን ዞራችሁ ዞራችሁ ግንባራችሁ ላይ የምታገኙት ሁሉ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ድሮ ሰው ርስቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዝ ነበር፤ ሰውን ግን እንደ ፈጠረው ይተው ነበር። ዛሬ ተገለባበጠ። ወጣቱ የኔ የሚለው ዕቃ የለውም፤ ቤቱ ኪራይ፣ መኪናው የባንክ፣ የሰርጉ ሱፍ እንኳ ሰኞ ጠዋት ለባለሱቁ የሚመለስ ነው። ዘፈን ሳይቀር በወር ክፍያ ሆኗል አሉ፤ ክፍያው የተቋረጠ ዕለት ዘፋኙም አፉን ይዘጋል። ሸክላ ገዝተን አልጋ ሥር እንደረድር የነበርን ሰዎች ይህን ሰምተን ዝም እንበል? የሰው ልብ ላይ ሲደርሱ ግን እነዚሁ ልጆች ካርታና ፕላን ካልወጣልን፣ አጥር ካላጠርን፣ ዘበኛ ካላቆምን ይላሉ።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ እጮኛዋን ይዛ መጣች። እጮኛ የምለው እኔ ነኝ እንጂ እነሱ የሚሉት ሌላ ነው፤ ከአፌ አይወጣም። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ አቦሉ ሊቀዳ ሲል ሁለቱም ስልካቸውን ረከቦቱ አጠገብ አኖሩ። የሷ ፊቱን ወደ ጣሪያ አድርጎ፣ የሱ በግንባሩ ተደፍቶ። ዓይኗ እዚያው ላይ ተተከለ።

“ለምንድን ነው የደፋኸው?”

“ባትሪ እንዳይጨርስ ነዋ።”

ድንቄም ባትሪ! “ክፈተው” አለችው። “መጀመሪያ አንቺ ክፈቺ” አላት። ተለዋወጡ። በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ቡናዬ ላይ፣ ሁለት የተማሩ ልጆች እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አንዳቸው የሌላቸውን ጓዳ ሲበረብሩ ዓይኔ አየ። ቶናው ተቀድቶ ተጠጣ፤ እነሱ ገና ካለፈው ወር አልወጡም። በረካው ሲደርስ ልጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመና፣ “ማክሰኞ ማታ 5 ሰዓት ላይ ኦንላይን ነበርሽ፤ ለኔ ግን አልመለስሽልኝም። ከማን ጋር ነበርሽ?” አላት። ላስት ሲን የሚሉት ነገር አለ፤ ሰው መቼ እንደተኛ፣ መቼ እንደነቃ የሚያሳብቅ።

ከማን ጋር ትሆናለች? ከኔ ጋር ነበረቻ! ከመሸ በኋላ ቤቷ ካልገባች እደውላለሁ። የት እንዳለች፣ ከማን ጋር እንዳለች፣ ምን እንደበላች እጠይቃለሁ። የተሳፈረችበትን መኪና ታርጋ ፎቶ አንስታ ካልላከችልኝ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ይህ ግን ቅናት አይደለም፤ አያትነት ነው። ልዩነቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ደግሞ ድካም ነው።

“አባባ፣ እርስዎስ የእማማን ስልክ ያዩ የለም እንዴ?” ብላ ነገሩን ልታዞርብኝ ሞከረች። እኔ የባለቤቴን ስልክ የማየው ዓይኗ ስለደከመ ነው። የመጣላትን መልእክት አነብላታለሁ። አንዳንዴ ሳትጠይቀኝም አነብላታለሁ። ገበያ ከሄደች ደግሞ እስክትመለስ ቀድሜ አንብቤ እጠብቃታለሁ፤ ጊዜ እንዳይባክን።

ሎኬሽን የሚሉትንስ ሰምታችኋል? ልጅቱ ሰማያዊ ነጥብ ትሆናለች። እሱ ቢሮው ቁጭ ብሎ ነጥቧ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ስትንፏቀቅ ያያል። ነጥቧ አንድ ቦታ ቆመች ማለት ስልክ ተደወለ ማለት ነው፤ መንገድ ተዘግቶ ይሁን፣ ታክሲ ጠፍቶ ይሁን ማን ይጠይቃል? በኛ ጊዜ ይህ ሁሉ የለም፤ መተማመን ነበረ። እኔ ባለቤቴን አጭቼ ሳለሁ “የት ዋልሽ?” ብያት አላውቅም። ምን ያስጠይቀኛል? ባለሱቁ ይነግረኛል፣ ልብስ አጣቢዋ ትነግረኛለች፣ የንስሐ አባቷ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ “ትናንት በዚህ በኩል አለፈች” ይሉኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዓይን ስለነበረ ሰው እርስ በርሱ ይተማመን ነበር።

ለነገሩ ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ሕግ አያነቡ! እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዳኛ አልነበርኩም፤ ዳኛው አንቀጹ ሲጠፋባቸው ቀና ብለው የሚያዩት ግን ወደኔ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን የመሰለ ሕግ ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም። ረኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ አረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ 3,367 አንቀጽ! ዛሬ ለሰው ከሦስት መስመር በላይ ሲጽፉለት “በድምፅ ላክልኝ” ይላል።

ቁጥር 1140ን አንብቡ። ይዞታ ማለት አንድን ነገር በእጅህ አድርገህ በእውን ስታዝበት ነው፤ በቃ። ያንተ ነው አልተባለም፣ ይዘኸዋል ነው የተባለው። ባለቤትነት ሌላ ምዕራፍ ነው፤ ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። የሰው በቅሎ እየጠበቅህ ከሆነ በቅሎዋ በእጅህ ናት፤ ያንተ ግን አይደለችም። ቢሆንም ሕጉ ለያዘ ሰው ክብር አለው። በጉልበት ወይም በስውር የነጠቀህን ሰው ቁጥር 1148 በትኩሱ አባርረህ እንድታስመልስ ይፈቅድልሃል፤ ነገሩ ከማይጠይቀው ዱላ ግን ተቆጠብ ይልሃል። ቁጥር 1149 ደግሞ ዳኛ ፊት ቀርበህ “ሁከት ይወገድልኝ” እንድትል መንገድ ይከፍትልሃል። ከክስ ሁሉ ስሙ የሚያምረኝ እሱ ነው። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ሁለት ዓመት ካለፈ በዚህ መንገድ መምጣት ቀረ። ይህን ለፍቅርም ቢያውጁልን ኖሮ፣ ጥላው የሄደችውን ልጅ ፎቶ ከስንት ዓመት በኋላ እየከፈተ የሚያለቅስ ጎረምሳ ባላየን ነበር።

ዕቃ መዋዋስማ የኛ ነገር ነበር! የአንድ ቤት ሙቀጫ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ ነበር የሚመለስ። ወንፊት፣ ሰፌድ፣ ጋን፣ ማን የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እናቴ ነፍሷን ይማርና በየድስቱ ቂጥ ላይ በምስማር መስቀል ትጭር ነበር፤ እሱም ለበረከት ነው። ዛሬ ግን ሰው ስስታም ሆነ። ጎረቤቴ መጥረቢያ አውሼሃለሁ ይለኛል። ይላል ነው የምላችሁ። መጥረቢያው እኔ ጋ ከገባ ጀምሮ ሁለት እጀታ ለውጬለታለሁ፣ ስለቱንም ያሳልኩት እኔ ነኝ። ቁጥር 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የተገኘ ሰው ለራሱ እንደያዘው፣ ባለቤቱም እሱ እንደሆነ ይገመታል ይላል፤ አይደለም የሚል ያስረዳ። ያስረዳ እንግዲህ! ምስክሬ የሚላት ሚስቱን ነው። አንዲት መጥረቢያ ለጎረቤቱ መተው የሚያንገበግበው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የቤቴ ነገር ነው። ደርግ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት ወረሰ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ደገመ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ የቀረው የመንግሥት። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ግፍ ነበር! ሰው ጥሮ ግሮ የሠራውን ቤት በአንድ ጀንበር? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እኔም በኋላ ከነዚያው ቤቶች አንዱ ደርሶኝ ገባሁበት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቤቴ ነው።

ኪራዩን አትጠይቁኝ፤ ማኪያቶ አይገዛም። ቢሆንም ይጨመራል የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ራሴን ያመኛል። ቆርቆሮውን ያስቀየርኩት እኔ፣ ኮባውን የተከልኩት እኔ፣ በጓሮ በኩል አንዲት ጭቃ ቤት ቀጥዬ ለተማሪ ያከራየሁትም እኔ ነኝ። የተማሪውን ዘንድሮ ጨምሬበታለሁ፤ ኑሮ ተወደደ፣ ምን ላድርግ?

ታዲያ የቀድሞው ባለቤት ልጅ አለ፤ አሜሪካ ኖሮ ኖሮ የሸበተ ሰው። አገር ቤት በመጣ ቁጥር በሬ ላይ ይቆማል። ምንም አይልም፣ ይቆማል። ባለፈው ጊዜ ሴት ልጁን አስከትሎ መጣ። በረንዳው ላይ ያለውን የእንጨት ዓምድ በጣቱ እያሳያት፣ “አባቴ ቁመቴን እዚያ ላይ በቢላ ምልክት ያደርግልኝ ነበር” ሲላት ሰማሁ። እውነቱን ነው፤ ምልክቶቹ አሉ። ከታች ወደ ላይ አምስት ስድስት ጭረት፣ የመጨረሻው ደረቴ ጋ ይደርሳል። ቀለም ቀብቼባቸዋለሁ፣ ጣት ሲያርፍባቸው ግን ይታወቃሉ። ብቅ አልኩና “ምን ፈለጋችሁ?” አልኩ። “ምንም ጋሼ፤ ዝም ብለን እያየን ነው” አለኝ። እያየን ነው! የሰው ቤት ላይ ዓይን መትከል ነውር መሆኑን እዚያ አገር አያስተምሩም? እንግዳ ነውና ግቡ፣ ቡና ጠጡ አልኳቸው። ሰውየው ግን ሲገባ ዓምዱ ጋ ቆም አለና መዳፉን አሳረፈበት። ያን ጊዜ ቁጥር 1148 ትዝ አለኝ። ከ1967 ጀምሮ መተው ያልቻለ ሰው! አንዳንዱ ፍጡር የያዘውን መልቀቅ የማያውቅ ሆኖ ይፈጠራል።

የካፌዋም ነገር እንዲሁ ነው። በር አጠገብ፣ ፀሐይ የምትገባበት ጥግ ያለችው ጠረጴዛ የኔ መሆኗን የሰፈሩ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ትናንት አንድ ጎረምሳ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ ተቀምጦባት አገኘሁት። በቁጥር 1168 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ፣ 15 ዓመት ሳያቋርጥ በስሙ ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል አልኩት። እኔ በቀን አንድ ሻይ ሳላጓድል ከፍያለሁ። “ጋሼ፣ ጠረጴዛ እኮ ይንቀሳቀሳል” ብሎ ገፋ አደረጋትና አሳየኝ። የዛሬ ልጅ አንቀጽ አያውቅም፣ ለመልስ ግን ማን ብሎት!

የድሮ ሙግትማ ሙግት ነበር። መንዝ ውስጥ አያቴ ከአጎቱ ልጅ ጋር በአንዲት ቁራጭ ርስት ሲሟገቱ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ቁራጯ ድንጋይ ናት፤ ገብስም አታበቅል። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፣ ከአንድ አገልግል ይበላሉ፣ ሌሊት ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ አንዱ ለሽንት ሲነሳ ሌላውም ይነሳል። ምን ዓይነት ፍቅር ነው! ሙግቱ ለልጆቻቸው ተላለፈ። ደርግ መሬቱን የወረሰ ጊዜ አባቴ አለቀሰ፤ ስለ ቁራጯ አይደለም፣ ይግባኙ ስለቀረበት ነው።

ከዚያው አገር የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን መጥቶ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አሳየኝ። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል፤ ሁለቱም ኮስተር ብለዋል። መሬቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የነሱ የሚጠቀሙበት መብት ነው። “ዋናው ደብተርስ?” አልኩት። “እሷ ሳጥን ውስጥ” አለኝ። “ቁልፉስ?” “ማተቧ ላይ።” ወይ አያቴ፣ እንኳን ይህን ሳታይ ሄድክ! ከተማ ስትመጡ ደግሞ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይላል። ከመንግሥት ጋር ለ99 ዓመት የሚፈራረም ትውልድ ከሚስቱ ጋር ሦስት ፋሲካ አይዘልቅም።

የጋብቻን ነገር የድሮው ሕግ ልክ ልኩን አስቀምጦት ነበር። ቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ሁሉ ትታዘዘው ይል ነበር። ቁጥር 644 ደግሞ ባል ሚስቱን ይጠብቃል፣ ከማን ጋር እንደምትገናኝ ይከታተላል፣ አካሄዷን ይመራል ይላል፤ ለቤቱ ጥቅም እስከሆነና በዘፈቀደ እስካልሆነ ድረስ። እንዴት ያለ የጨዋ አነጋገር ነው! ይህ ሰማያዊ ነጥብ አይደለም፤ ጥበቃ ነው። እኔም በዚህ ሥልጣን ዕድሜ ልኬን ሠርቼበታለሁ። ደሞዜን አስረክባት ነበር፣ የታክሲ ትሰጠኝ ነበር፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ እሷ ትወስን ነበር፣ የትኛው ጓደኛዬ ቤታችን እንደሚገባም እሷ ትመርጥ ነበር፤ አለቃው ግን እኔ ነበርኩ። አንቱ ነበር የምትለኝ።

ከዚያ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ መጣና አለቅነቴን ወሰደው። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተባለ። አንቀጽ 68 ከ100 ብር በላይ ለመስጠትም፣ ለማበደርም፣ ለመበደርም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 100 ብር! ጓደኛዬን ምሳ ብጋብዘው ሕግ ጣስኩ ማለት ነው? ድሮም አስፈቅዳት ነበር እኮ፤ ያኔ ግን በገዛ ሥልጣኔ ነበር የማስፈቅዳት። አሁን ተገድጄ ነው። አንቱታውም በዚያው ቀረ።

ይህን እየጻፍኩ ጮክ ብዬ ሳነብ ባለቤቴ ከምጣዷ ቀና አለችና፣ “ሰውን እንደ ፈጠረው ይተው ነበር ነው ያልከው? አክስትህስ?” አለችኝ። አክስቴ በልጅነቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ተጠልፋ ነው የቀረችው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅቱ በፈቃዷ አገባችው ከተባለ ጠላፊው አይከሰስም ነበር፤ ጋብቻው ከወንጀል አያድንም ብሎ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀመጠው የ1996ቱ ነው። “ምን ሆነች? ሽማግሌ ተልኮ እርቅ ወረደ፣ ልጆች ወለደች፣ የት ዋልሽ ብሏትም አያውቅ” አልኳት።

“የት ትውላለች? በሩን ከውጭ ቆልፎባት ነበር የሚሄደው።”

እንጀራዋን አወጣች። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ባለቤቴ የሰው ጨዋታ ማበላሸት ትወዳለች፤ ይህን እንለፈው።

ልጆቹስ ብትሉኝ፣ ታርቀዋል። “በምን ታረቃችሁ?” አልኳት። “የጣት አሻራዬን ስልኩ ላይ አስመዘገበልኝ” አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። ድሮ አሻራ የሚሰጠው የታሰረ ሰው ነበር። እኔም የባለቤቴ ስልክ አሻራ የሚቀበል መሆን አለመሆኑን እንድታይልኝ ጠይቄያታለሁ፤ ለማንበብ እንዲቀለኝ።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል፤ ለሱም ነው ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት። ባለፈው ነሐሴ ሰፈራችን ለቅሶ ላይ ጃንጥላዬን ከሌሎቹ ጋር እድሩ ድንኳን በር ላይ አቁሜ ገባሁ። ስወጣ በቦታዋ አንድ ጎኗ የተቀደደ ጃንጥላ ቆማ ጠበቀችኝ። የኔዋ ጥቁር ናት፣ የእንጨት እጀታ አላት፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ይዘዋት የሄዱት ሰው ይህን ካነበቡ፣ ቁጥር 1193ን እንዳይጠቅሱብኝ። ሁለት ዓመቱ አልሞላም፤ እድሩ ዕቃ ቤት ያስረክቡልኝ። የተቀደደችይቱን አስጠግኛታለሁ፤ እሷ የኔ ናት።